የኮምፒውተሩ መቀነት የጠፋበት ሐሙስ

በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ዕድሜዬ ሃምሳ አራት። ጅዳ ወደብ አጠገብ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚቀመጥበት መጋዘን ዘበኛ ነበርኩ። ዘበኛ ይበሉት እንጂ ሁሉንም ነበርኩ፤ ቢሮ እጠርጋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ ኮንቴይነር ሲመጣ በር እከፍታለሁ፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል እተኛለሁ።

ስለ ፊደሌ አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ እንዳትስቁብኝ። አማርኛውን በመሠረተ ትምህርት ነው የቆጠርኩት፤ አሁንም በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ዐረብኛውን በልጅነቴ ቁርኣን ቤት ቀርቼ ነው የተማርኩት። ፊደሉን አውጥቼ እጠራዋለሁ፤ ትርጉሙን ግን የማውቀው ከሥራ የለመድኩትን ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ይጻፍልህ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። ሌላ ሰው ሲጽፈው ያሳምረዋል። እኔ እንዲያምር አይደለም የፈለግሁት።

ያን ጊዜ የአገራችን ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት በየአውሮፕላኑ እየተጫኑ ይመጡ ነበር። ከእኛ ከሐርቡ፣ ከደጋን፣ ከባቲ፣ ሴት ልጅ ያልላከ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። ልጄ ዘሐራም መጣች። እኔ ከሐርቡ ስወጣ ገና ዳዴ ትል ነበር፤ ስትመጣ ሃያ ሁለት ዓመቷ። በመሐሉ ለምን አልተመለስክም የሚለኝ ካለ፣ ዐረብ አገር የኖረ ሰው ይጠይቅ፤ ይነግረዋል።

የመጣች ቀን ኤርፖርት ሄጄ ነበር፣ ሙዝ በቢጫ ፌስታል ይዤ። ከአውሮፕላኑ የወረዱት ሴቶች ሁሉ ጥቁር ዓባያ ለብሰው፣ ፓስፖርታቸው በአንድ ሰው እጅ ሆኖ፣ በሰልፍ ወጡ። ልጄ የትኛዋ እንደሆነች አላወቅሁም። ዘሐራ ብዬ እንዳልጣራ፣ ደላላው ፓስፖርቷን ሲያወጣላት ስሟንም የአባቷንም ስም ቀይሮ ሐያት አሊ አድርጓታል። ዘሐራ ሲባል ብትዞር ነገር ይመጣባታል ብዬ አፌን ያዝኩ። አውቶቡስ ላይ ወጡ፤ ሄዱ። ሙዙን ለባለታክሲው ሰጠሁት።

ከፊሏ፣ ያስመጣት አሠሪዋ ማለት ነው፣ መካ፣ ዛሂር ነው የሚኖረው። ቆይቼ አንድ ቀን ሄድኩና በሩን አንኳኳሁ። ሰውዬው ራሱ ወጣ። ጥሩ ሰው ነው፣ ክፉ አልተናገረኝም። አባቷ ነኝ አልኩት። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ ተቀብሎ አየና፣ "አንተ ሰይድ ነህ። የእሷ አባት አሊ ነው" አለኝ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያላጋው ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የቀረን ስልክ ነው። ስልካችንም ይኸው ነበር፦

"አሰላሙ ዐለይኩም።"

"ወዐለይኩሙ ሰላም።"

"ደህና ነሽ?"

"አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ?"

"አልሐምዱሊላህ። ማዳም ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

ከዚያ ዝም። መካና ጅዳ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ያቺ ዝምታ ግን ከሐርቡም ትርቅ ነበር። "በሉ እሺ" ትለኛለች፤ "በይ እሺ" እላታለሁ፤ ይዘጋል። አያቷን "አባ" እያለች ነው ያደገችው። ለእኔ የተረፈ መጠሪያ አልነበራትም። "እርስዎ" ብቻ ነበርኩ።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ ልምጣ።

ሐሙስና ዓርብ ቢሮው ዝግ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ሱዳናዊ ለዕረፍት አገሩ ገብቷል። ኮምፒውተሩ ግን አይጠፋም፤ የመጋዘኑ ካሜራዎች በእሱ ውስጥ ናቸው። ሱዳናዊው ሲሄድ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝና፣ "አራቱን ሥዕሎች ተመልከት፤ እጅህን ግን ሰብስብ" ብሎኛል። ከፊሌ አቡ ናይፍ ደግሞ ባጭሩ ነው የሚናገር፦ "ኮምፒውተሩን የነካ፣ ኸላስ፣ ኹሩጅ።" ኸላስ አለቀ ነው፤ ኹሩጅ ማለት ወደ አገርህ ትባረራለህ ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባልፈራሁ። ልጄ ገና መጥታ እኔ ስባረር ግን ታየኝ። እሷ መካ፣ እኔ ሐርቡ፤ እንደገና ተገላብጠን መቅረታችን ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት አቡ ናይፍ ደወለ። "ከዐስር ሶላት በኋላ እንግዶች ይዤ እመጣለሁ። መጋዘኑን ሊገዙ ነው። ካሜራዎቹን አሳያቸዋለሁ። ቢሮው ይጽዳ።"

አጸዳሁ። ጠረጴዛውን ወለወልኩ። ያችን በእጅ የምትያዘውን ማውስ ላብ ይዟት ስለነበር እርጥብ ጨርቅ ይዤ ግጥም አድርጌ ፈተግኋት። ቀና ስል ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ጠፍቷል። አራቱ የካሜራ ሥዕሎች የሉም። ከታች፣ ከዳር እስከ ዳር እንደ ሴት መቀነት የምትዞር ጥቁር ሰማያዊ መስመር ነበረች፤ ሱዳናዊው ነገር ሲፈልግ እሷን ነው የሚነካ። እሷም የለችም። የቀረው የባሕር ፎቶ ብቻ ነው። ባሕር፣ ሰማይ፣ ከዳር ጥቂት ትንንሽ ምልክቶች።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ላቤ መጣ፣ ኤሲ ሥር ሆኜ።

መጀመሪያ የደወልኩት ለጀማል ነው። ጀማል ሂንዳዊያ ሰፈር ልብስ ማጠቢያ ቤት የሚተኩስ የአገሬ ሰው ነው። የማያውቀው ነገር የለም፣ የሚያውቀውም የለም።

"መቀነቱ ጠፋ" አልኩት።

"የማን መቀነት?"

"የኮምፒውተሩ።"

"ወላሂ ሰይዶ፣ መቀነት ስትለኝ ሚስት አግብተህ ነው ብዬ ደንግጬ! ሱሪ ቢሆን እተኩስልህ ነበር። አጥፍተህ አብራው።"

"ማጥፋት አይቻልም። ካሜራው ይቆማል።"

"እንግዲያው ልጅህን ጠይቃት። ኮምፒውተር አይደለም እንዴ የተማረችው?"

"ማን አለ?"

"ባለቤቴ ነቻ! አገር ያውቃል። አንተ ነህ የማታውቀው።"

ዘጋሁበት። ለትምህርቷ እልክ ነበር፤ ትምህርት መሆኑን እንጂ የምን ትምህርት መሆኑን አልጠየቅሁም። ሰላምታችን እዚያ ድረስ አይሄድም ነበር።

ደወልኩላት። ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። ስልኩን ከሻርፕዋ ሥር ጆሮዋ ላይ ወትፋ፣ ሁለት እጇን ለሥራ ትታ ነው የምታወራኝ። ነፋሱና የአንሶላው መርገብገብ ይሰማኛል።

"ደህና ነሽ?"

"አልሐምዱሊላህ፤ እርስዎስ…"

"ተይው እሱን። ምን ነበር የተማርሽው?"

የአንሶላው ድምፅ ቆመ።

"አይቲ" አለች። "ኮምፒውተር። ኮምቦልቻ፣ ሁለት ዓመት።"

"ታይፕ ነው?"

"ታይፕ አይደለም!" አለች፤ ድምጿ ከፍ ብሎ የሰማሁት ያን ጊዜ ገና መጀመሪያዬ ነው። "ማስተካከል፣ መገጣጠም፣ ሁሉንም። ምነው?"

ነገርኳት። ከዐስር በኋላ እንግዶች እንደሚመጡ፣ ኹሩጅ የሚለውንም ነገርኳት። እሷም እንደ እኔው ሒሳቡ ገባት መሰለኝ፣ "ማዳም እስከ ዱህር ሶላት ትተኛለች" አለች። "ቁጭ ይበሉ። ምን ይታይዎታል?"

"ባሕር።"

"ሌላስ?"

"ሰማይ።"

"ከባሕሩ ታች መስመር የለም?"

"እሱ ነው ጠፋ ያልኩሽ።"

"ታስክባር ይባላል። አንዳንዴ ይደበቃል። ማውሱን ወደ ታች ጥግ ድረስ ያውርዱት።"

አወረድኩ። ምንም። ኪቦርዱ ላይ ከታች፣ መስኮት የመሰለ ምልክት ያለባት ቁልፍ አለች፣ እሷን ይጫኑ አለችኝ። አገኘኋት። ተጫንኩ። ምንም።

"አልተጫኑትም።"

"ተጭኛለሁ።"

"ቢጫኑት ዝርዝር ይወጣ ነበር።"

"ሴትዮ፣ ተጭኛለሁ አልኩሽ! መስኮት ነው፣ አራት መስታወት አለው፣ በአውራ ጣቴ ነው የተጫንኩት።"

"በአውራ ጣት ማን ይጫናል?"

"እኔ!"

ይህን ብዬ ደነገጥኩ፤ ልትዘጋብኝ ነው ብዬ። አልዘጋችም። "ይሁን" አለች፤ የሳቀች መሰለኝ፣ ንፋሱም ሊሆን ይችላል። "በግራ ታች ጥግ ይንኩ እስቲ።"

በግራ ታች ጥግ ብነካ ብነካ ምንም የለም። በኋላ ትዝ ሲለኝ፣ ሱዳናዊው የሚነካት ቁልፍ በቀኝ ጥግ ነበር የምትሆነው። ነገርኳት።

"ቀኝ? በቀኝ አይሆንም እኮ፤ እኛ ስንማር በግራ ነው።"

"እናንተ በምን ፊደል ተማራችሁ?"

"በእንግሊዝኛ።"

"ይኼ ዐረብኛ ነው። ቁርኣን ከየት ነው የሚከፈተው? ከቀኝ።"

"ለካ ሁሉም ተገልብጧል!" አለች። "እኔ ዐረብኛ አላነብም። እርስዎ ያነባሉ?"

"ፊደሉን እጠራለሁ። ምን እንዳለ አላውቅም።"

"እኔ የማዳምን ወሬ እሰማለሁ፣ ፊደሉን አላውቅም። በሉ ይጥሩልኝ፣ እኔ እሰማለሁ።"

እንዲህ ሆነን ጀመርን። ባሕሩ ላይ በማውሷ ሌላኛ ጎን ይንኩ አለችኝ፤ ዝርዝር ወጣ። እንደ ቁርኣን ቤት ልጅ ከላይ ጀምሬ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል በፊደል እየጎተትኩ ጠራሁላት። አብዛኛውን እኔም እሷም አላወቅነው። ወደ ታች ገደማ ስደርስ፣ "…አሽ… ሻ… ሻ" አልኩ።

"ሻሻ! ሻሻ ቲቪው ነው! ማዳም 'ሻሻውን ጥረጊ' ትለኛለች። እሱን ይንኩ፣ እሱን!"

ነካሁ። ሌላ ነገር ተከፈተ።

"ምን ይታይዎታል?"

"ሁለት ቴሌቪዥን ተስሏል። አንዱ ላይ አንድ፣ አንዱ ላይ ሁለት ተጽፎበታል።"

ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፣ "እዚያ ቤት ሁለት ስክሪን ነው ያለው?"

"አዎ ሁለት ነው።"

"አሁን ነው የሚነግሩኝ?"

"አልጠየቅሽኝም።"

"ሁለተኛው የት ነው ያለው?"

"ከጎኔ። የአቡ ናይፍ ነው።"

"ምን ይታያል እሱ ላይ?"

"እኔ ምን አውቄ? እሱ ሲሄድ ይጠፋል፣ ጨርቅ ይለብሳል። ጨርቁን የማጥበው እኔ ነኝ።"

አንባቢ ይፍረደኝ። ስክሪኑ ከክንዴ ስንዝር አይርቅም ነበር። ግን የከፊሌ ነው። የከፊልን ነገር አለማየት እዚያ አገር ከሁሉ በፊት የምትማረው ሙያ ነው፤ በሩ ክፍት ሆኖ ብታልፍ ወደ ውስጥ አታይም፣ ወረቀቱ ተዘርግቶ ሻይ ብታስቀምጥ ዓይንህ ሻዩ ላይ ነው። ስንት ዓመት እንደዚያ ስትኖር፣ ነገሩ እያለ የለም። ስክሪን ስንት ነው ብትሉኝ፣ ወላሂ፣ አንድ ነው እላችሁ ነበር።

"መቀነቱ እዚያ ሄዶ ነው" አለች። "መስኮቷን ሲጫኑ ዝርዝሩ የሚወጣው እዚያ ነው፤ በጨርቁ ሥር። ጨርቁን ያንሱት፣ ያብሩት።"

"አላነሳም።"

"ምን?"

"የሰው ዕቃ አልነካም። አትንካ ተብያለሁ።"

"አሁንስ የነኩት የማንን ነው?"

"ይኼ የሱዳናዊው ነው። ያ የእሱ ነው።"

"አንድ ኮምፒውተር ነው እኮ! እንዴ! እርስዎ ሰውዬ፣ ለጨርቅ ብለው ሊባረሩ ነው?"

"አላነሳም ብያለሁ።"

"እንግዲያው ቁጭ ብለው ባሕሩን ይዩ!" አለች። ወዲያው ደግሞ ድምጿ ወርዶ፣ "ማዳም ተጣራች" ብላ ዘጋችው።

ባሕሩን አየሁ። ምን ሠራሁ ብዬ ልዋሻችሁ? ባሕሩን አየሁ። የመጋዘን ዝምታ የተለየ ነው፤ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ ብቻ ነው የሚሰማ። እልኬ ሲበርድ ግን ሌላ ነገር ተሰማኝ። ተቆጥታኛለች። በሰው አገር ስንት ሰው ተቆጥቶኛል፤ አረብ፣ ግብፃዊ፣ ፓኪስታናዊ። ያ ሁሉ ቁጣ ሥራውን ብሎ ነው። ይህች ግን እኔን ብላ ነው የተቆጣች። እንደዚያ የጣፈጠኝ ቁጣ የለም።

የዱህር አዛን ሆነ። ሰገድኩ። ተነሥቼ ቢስሚላህ አልኩና ጨርቁን ገለጥኩ፣ እንደ ሬሳ ፊት በሁለት ጣት። ከሥሩ ያለችውን ቁልፍ ተጫንኩ። ስክሪኑ በራ።

መቀነቱ እዚያ ነበር። በታች አይደለም፤ በጎን በኩል ተገትሮ ቆሟል፣ ከነሰዓቱ፣ ከነምልክቱ።

ብደውልላት አታነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አታነሳም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አያለሁ፣ ስልኩን አያለሁ። በራሴ ልንካው ብዬ እጄን ሰድጄ መለስኩት። አንዴ ፈትጌው የመጣብኝ ይበቃል። እንግዶቹ በምን መኪና እንደሚመጡ ሁሉ ማሰብ ጀመርኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ስልኬ አንዴ ጮኸና ዝም አለ፤ ሚስኮል። መልሼ ደወልኩ።

"ምሳ እያቀረብኩ ነበር" አለች እያለከለከች። ደረጃ ሮጣ ወጥታ ነው። "ከዚህ የሐረሙ መስጊድ ትልቅ ሰዓት ይታየኛል፤ የዐስር ሶላት ሊደርስ ነው። ጨርቁን አነሡ?"

"አነሣሁ።"

"አለ?"

"አለ። ቆሟል።"

"አላልኩም!" አለች። ደስ ብሏት ነው፤ ደስታዋን በስልክ ሰማሁት። "አሁን ምልክት የሌለበት ባዶ ቦታው ላይ ማውሱን ያድርጉና ይጫኑት። እንደተጫኑ፣ ሳይለቁ፣ ወደ እርስዎ ስክሪን ይጎትቱት። እንዳይለቁ!"

ጎተትኩ። መጀመሪያ ተንሸራቶ የአቡ ናይፍ ስክሪን አናት ላይ ወጣ። "ላዩ ላይ ወጣ!" ብዬ ጮህኩ። "ይውጣ፣ አይልቀቁ፣ ይሳቡት" አለች። ሁለተኛ ሳብኩት። ከእሱ ስክሪን ወደ እኔ ስክሪን ዘለለና ታች፣ የጥንት ቦታው ላይ፣ ዝርግት አለ።

"ገባ" አልኩ።

"የት?"

"ወገቡ ላይ።"

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ አፏን ይዛ ነው የምትስቀው፣ ታችኛው ፎቅ እንዳይሰማ።

ከዚያ ይቆልፉት አለችኝ። መቀነቱ ላይ በማውሷ ሌላኛ ጎን ስነካ ዝርዝር ወጣ፤ ከታች ሁለተኛዋ ናት አለች፣ ነካኋት። "አንዴ ከተቆለፈ ሰው ካልፈታው በስተቀር በራሱ ንቅንቅ አይልም" አለችኝ። ካሜራውንም መቀነቱ ላይ ካሉት ምልክቶች አንዱን አስነክታኝ መለሰችው። አራቱ ሥዕሎች ቦግ አሉ፤ በሩ፣ ማራገፊያው፣ መደርደሪያዎቹ፣ አራተኛው ቢሮው።

"መጣ?"

"መጣ።"

"ምን ይታይዎታል?"

ልመልስ ስል አራተኛውን ሥዕል አየሁ። ከኋላ የተነሣ ነው። ወንበር ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። አናቱ ገላጣ ነው፣ ትከሻው ወርዷል፣ ስልክ በጆሮው ይዟል። ከእሱ በቀር በዚያ ሁሉ ቤት ማንም የለም።

"አንድ ሽማግሌ ይታየኛል" አልኳት።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ዝም አለች። እንደ ድሮው ዝምታ አልነበረም።

"ምን ይመስላሉ?" አለችኝ። "እኔ የማውቀው እናቴ ሳጥን ውስጥ ያለውን ፎቶ ነው። እዚያ ላይ ጎፈሬ አለዎት።"

"ጎፈሬው ሄዷል። ጀርባዬ ጎብጧል። ሸሚዜ ሰማያዊ ነው። ጆሮዬ ትልቅ ነው፤ እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር። አንቺስ?"

"እናቴን ነው ይላሉ። ጥርሴ ግን የእርስዎ ነው ይላሉ። ሰፊ ነው፣ ከፊት።"

"ይቅርታ" አልኳት።

ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "የመጣሁ ቀን ኤርፖርት አንድ ሰው አይቻለሁ። ቢጫ ፌስታል ይዞ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ። ሁላችንንም አንድ በአንድ ያያል። አውቶቡሱ እስኪሄድ ድረስ አየሁት።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"እርስዎ ነበሩ?"

"ሙዝ ነበር" አልኩ።

"ሙዝ" አለች። "ያን ቀን ምንም አልበላሁም ነበር።"

ያኔ የዐስር አዛን ሆነ፤ በእኔም ሰፈር፣ በስልኩም ውስጥ በመካ። ሁለቱ ትንሽ ይቀዳደማሉ። እስኪያልቁ አዳመጥን። ከታች ማዳም ስትጠራት ሰማሁ፤ ሐያት፣ ሐያት እያለች።

"ጨረስን እንግዲህ" አለች ዘሐራ። "ሌላ ካስቸገርዎ ይደውሉ።"

ስክሪኑን አጠፋሁ፣ ጨርቁን አለበስኩት፣ እጥፋቱን አስተካከልኩ። አቡ ናይፍ ከእንግዶቹ ጋር ገባ። ጨርቁን ራሱ ገለጠ፣ አበራ፣ ካሜራዎቹን አሳያቸው። አንድም ነገር አላየም። "ሰይድ፣ ሻይ" አለኝ። ሻይ አቀረብኩ፣ ዓይኔ ሻዩ ላይ። ጠጡ፣ ተሳሳቁ፣ ሄዱ። ያ ሁሉ ጭንቅ በአንድ ሻይ አለቀ። ኹሩጅ የለም፣ ቁጣ የለም። ብርጭቆዎቹን አጠብኩና ከደረጃው ሥር ገባሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከበደኝ። ለምን ብዬ ስመረምረው ነገሩ ይኸው ነው፦ ሌላ ካስቸገርዎ ይደውሉ አለችኝ። አሁን ምን ያስቸግረኛል? ሁሉ ነገር ተስተካክሏል። የሚቀጥለው ስልካችን፣ ደህና ነሽ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሉ እሺ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ልጃችሁ ዐረብ አገር ያለች፣ ወይም አባታችሁ እዚያ የቀረባችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ አልተማርኩም፣ ምክር አልችልም። ግን ፍቅር አጥተን አልነበረም ዝም የምንባባለው። አብረን የምንይዘው ነገር አጥተን ነው። ቤት አብሮ የሚኖር ሰው አጥር ያጥራል፣ ላም ትጠፋበታለች፣ ጣሪያ ያፈስበታል፤ በዚያ ይነታረካል፣ በዚያ ይተዋወቃል። በስልክ የሚኖር ሰው የሚያፈስ ጣሪያ የለውም። እኛን አንድ የተበላሸ ኮምፒውተር እስኪያገናኘን ድረስ አባትና ልጅ የነበርነው በወሬ ነው። ዛሬ ዘሐራ ኮምቦልቻ ናት፣ ባልና ልጆች አሏት፤ እኔም ከግቢዋ ጀርባ ባለች ክፍል ነኝ። ፊት ለፊት የተያየነው አገር ቤት ከገባን በኋላ ነው፤ መካና ጅዳ እያለን አንድም ቀን አልተያየንም። ጆሮዬ እንዳልኳት ትልቅ መሆኑን አይታ ስቃለች። በየቀኑ እንጣላለን፣ አልሐምዱሊላህ። ስለዚህ ለራቀ ሰው ስትደውሉ ደህና ነህ ወይ ብላችሁ አትዝጉ። የከበዳችሁን ነገር ስጡት፤ ከሌላችሁ ፈልጉ።

እኔ ፈለግሁ። በማግስቱ ዓርብ ነበር፤ ቢሮው ዝግ ነው፣ ማንም አይመጣም። ሱብሒ ሰግጄ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ መካ ያለው ቤት ተኝቶ እሷ ብቻ የምትነሣበትን ጊዜ ጠብቄ ወደ ቢሮው ወጣሁ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የካሜራውን ምልክት ነክቼ አራቱን ሥዕሎች ደበቅኋቸው። መቀነቱ ላይ በማውሷ ሌላኛ ጎን ነካሁ፣ ከታች ሁለተኛዋን ነካሁና ቁልፉን ፈታሁት። ባዶ ቦታውን ይዤ፣ ሳልለቅ፣ ጎተትኩትና አቡ ናይፍ ስክሪን ላይ፣ ጨርቁ ሥር ከተትኩት። ባሕሩ ብቻ ቀረ። ከዚያ ደወልኩ።

"ዘሐራ፣ ያ መቀነት እንደገና ጠፋብኝ።"

"ቆልፈነው አልነበር?"

"ቆልፈነው ነበር።"

ጣሪያው ላይ ናት፤ የአንሶላው መርገብገብ ይሰማኛል። በራሱ ንቅንቅ እንደማይል ያስተማረችኝ እሷ ናት።

"ይሁና" አለች በመጨረሻ። ስልኩን ከሻርፕዋ ሥር ስትወትፈው ተንኮሻኮሸ። "ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ምን ይታይዎታል፣ አብዬ?"